ከቆሼ ወደ ዝዋይ፦ የአንድ ቀን የወይን ጠጅ ቅምሻ ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

የወይን እርሻ መጎብኘት፣ ወይን ጠጅ ከተጠመቀበት ቦታ ላይ መቅመስ፣ ሲሰሙት የፈረንጅ አገር ነገር ይመስላል። ለቆሼ ሰው ግን የጎረቤት ጉዳይ ነው። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ የሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማረቆዋ ቆሼ መሃሉ ላይ ናት። የካስቴል የወይን እርሻና ፋብሪካ ያለው እዚያው ዝዋይ፣ በዛሬ መጠሪያዋ ባቱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርስበትን ቦታ የማረቆ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ወጥቶ ለእራት ይመለሳል።

ታዲያ ከመነሳታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር አለ። ጉዞው ከባድ አይደለም። የሚበላሸው ሳይጠይቁና ሳያሰሉ ሲወጡ ነው።

እዚያ ያለው ምንድን ነው?

ካስቴል የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ ነው። እዚህ አገር የምናውቀው በቢራ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ጠማቂ የሆነው ቢጂአይ ኢትዮጵያ የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ዝዋይ ላይ መሬት ተረከበና ከፈረንሳይ ቦርዶ የመጣ የወይን ችግኝ ተከለ። ሲጀመር እርሻው 120 ሄክታር ገደማ፣ ችግኙም ወደ 750,000 የሚጠጋ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሁለት ስም አወጡ፦ ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ።

ለምን ዝዋይ? መሬቱ አሸዋማ ነው፤ ውሃ አያቁርም፤ የወይን ሥር ደግሞ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያልፋል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ቀኑ ፍሬውን ያጣፍጣል፤ ሌሊቱ ደግሞ ጎምዛዛነቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ወይን ጠጁ ወይ ስኳር ብቻ ይሆናል ወይ ጥርስ ያሳክካል።

«ጉደርና አክሱማይትስ?» ትሉ ይሆናል። እነሱ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ናቸው። አዋሽ ከካስቴል በጣም ይቀድማል፤ ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል የዞረ ነው። ፋብሪካው አዲስ አበባ ሲሆን የወይን እርሻው አርሲ ውስጥ መርቲ ነው። እርሻና ፋብሪካ አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ የእኛ አካባቢ ሰው ግን ዝዋይ ይቀርባል፤ ይመቻልም።

መጀመሪያ ስልክ

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ይህ ነው። ቦታው መናፈሻ አይደለም፤ ሥራ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ሠራተኛ አለ፣ ማሽን አለ፣ የንጽሕና ደንብ አለ። ስለዚህ ጉብኝት በቀጠሮ ነው። ሳትደውሉ ሄዳችሁ በር ላይ ብትመለሱ የምትወቅሱት ሰው አይኖርም።

ስትደውሉ ምን ትጠይቃላችሁ? መጀመሪያ ቀኑን፦ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንግዳ ይቀበላሉ? ቀጥሎ ቁጥሩን፦ ከስንት ሰው በታች ወይም በላይ አይቀበሉም? ከዚያ ዋጋውን። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ጉብኝት» ሲባል እርሻውን ማየት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቅምሻው ለብቻው ሊከፈል ይችላል። ስንት ዓይነት እንደሚቀመስ፣ ከቅምሻው ጋር የሚበላ ነገር መኖሩን፣ ጠርሙስ እዚያው መግዛት መቻሉን፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁን በቴሌብር፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። የነገሯችሁን በመልእክት እንዲልኩላችሁ ለምኑ። ስልክ ያነሳው ሰው በቀጠሮው ቀን ላይኖር ይችላል።

ደብዳቤ ጻፉ ቢሏችሁ አትገረሙ። የማኅበር፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የተማሪ ቡድን ከሆናችሁ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነገሩን ያቀለዋል። ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ በአስጎብኚ ድርጅት በኩል መሄድም ይቻላል። ለአገልግሎቱ ይጨምራል፤ ግን ቀጠሮውንም መኪናውንም እሱ ይይዛል። አምስት ስድስት ጓደኛሞች ከሆናችሁ በእኔ አስተያየት አያስፈልጋችሁም።

መቼ ይሻላል?

ቀን ስትመርጡ ሦስት ነገር አስቡ፦ ጾሙን፣ ዝናቡን፣ መከሩን።

ጾሙ ግልጽ ነው። በሁዳዴ ወይም በነቢያት ጾም ብትወጡ ግማሹ ሰው መጠጥ አይነካም፣ ምሳም ያስቸግራል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም መኪናው ውስጥ ይነሳል፤ ዝዋይ እስክትደርሱም አያልቅም። ረቡዕና ዓርብንም አትርሱ። ሙስሊም ጓደኞቻችሁ አብረው ከሆኑ ረመዳንን ቁጠሩ። በሌላውም ጊዜ ቢሆን ለማይጠጣ ሰው ቀኑ ምን እንደሚሆንለት ከወዲሁ አስቡበት። እርሻውን ማየት ለሁሉም ነው፤ ቅምሻው ላይ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቢቆይ ማንም አይቀየምም።

ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጭቃና ደመና ባለበት ወቅት በወይን ተክል መሃል መሄድ ደስ አይልም።

ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ዘመድ ላላችሁ ደግሞ ይኼ ጉዞ ጥሩ መጋበዣ ነው። ነገር ግን በመስቀሉ ሳምንት አትሞክሩት። በዚያ ሰሞን የጉራጌ ቤት ክትፎ ትቶ የሚወጣ ሰው አይገኝም፤ መኪናም አይገኝም። ሁሉ ነገር ረገብ ሲል፣ ዘመዶቹ ከመመለሳቸው በፊት ባለው ቀን ይሻላል።

መከሩን በስልክ ጠይቁ። የእኛ አገር የወይን መከር ከፈረንሳይ ጋር አይገጥምም፤ ምክንያቱ ደስ ይላል። በብርድ አገር የወይን ተክል በብርዱ ወራት ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይተኛል፣ ሲሞቅ ራሱ ይነቃል። ዝዋይ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ተክሉ መቼ እንደሚነቃ የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው። ቅርንጫፉ ሲገረዝ ተክሉ አዲስ ያቆጠቁጣል፤ ከዚያ አራት አምስት ወር ቆይቶ ፍሬው ይደርሳል። ስለዚህ መቼ እንደገረዙ ካወቃችሁ መቼ እንደሚለቅሙ ታውቃላችሁ። ፍሬ በተንዠረገገበት ጊዜ መሄድና ባዶ ቅርንጫፍ ባለበት ጊዜ መሄድ አንድ አይደለም።

በምን ይኬዳል? ስንት ይወጣል?

የጉዞው ትልቁ ወጪ ወይኑ ሳይሆን መኪናው ነው። ሁለት አማራጭ አለ።

አንደኛው በሕዝብ ማመላለሻ ነው። ከቆሼ ዝዋይ የሚሄድ መኪና ይዞ መናኸሪያ መውረድ፣ ከዚያ በባጃጅ መቀጠል። ርካሽ ነው። ችግሩ መመለሻው ነው። ከሰዓት በኋላ መኪና እስኪሞላ መጠበቅ አለ፤ ከመሸ ደግሞ ላይገኝ ይችላል። ጠርሙስ ይዞ በተጨናነቀ መኪና መሄድም አይመችም።

ሁለተኛው ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ነው። ከሦስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ይህንን ምረጡ። ስትዋዋሉ «ደርሶ መልስ» ብቻ አትበሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ ከተማ ውስጥ ወደ ሐይቁ እንደሚያደርሳችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቁርጡን ተነጋገሩ። ቀብድ ስጡ እንጂ ሙሉውን አትክፈሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል ኮንትራቱ 6,000 ብር ነው እንበል። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው፤ የዛሬውን ዋጋ ሾፌሮቹን ጠይቁ። 5 ሰው ብትሆኑ በነፍስ ወከፍ 1,200 ብር ይደርሳል። 10 ብትሆኑ 600። የቅምሻው ዋጋ ግን በሰው ስለሆነ ብትበዙም አይቀንስም። ስለዚህ ከ8 እስከ 10 ሰው መሆን ለኪስም ለጨዋታም ይስማማል። ከዚያ በላይ ከሆነ አስጎብኚው ሲያስረዳ ኋላ የቆመው አይሰማም።

የሾፌሩን ምሳ ከጋራ ገንዘባችሁ ያዙ። ይህ ወጉ ነው። ሌላም ምክንያት አለው። ሾፌሩ አይቀምስም። «አንድ ብርጭቆ ምን ያደርገዋል» የሚል ሰው በመካከላችሁ አይጠፋም፤ በትሕትና ግን በቁርጥ ዝም አሰኙት። በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁም የሚነዳውን ሰው ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ከቅምሻ በኋላ የሚደረግ ዕጣ አያስተማምንም።

ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ። የመንገዱን ሰላም ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይመሽ መመለስም ጥሩ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከብትና ጋሪ መንገዱን ይሞላዋል።

ከወልቂጤ የሚመጣ ሰውስ? ለእሱ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አድካሚ ነው። ዋዜማውን ቡታጅራ አድሮ ጠዋት ቢነሳ ይሻለዋል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም የሆነ ጥሩ መንገድ አለ። በቡታጅራ መስመር ይመጣል፤ መንገዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የጢያ ትክል ድንጋይ ያያል፤ በቆሼ በኩል ዝዋይ ይገባል፤ ሲመለስ በባቱና ሞጆ የክፍያ መንገድ ይገባል። ጠቅላላው 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ይቻላል፤ ግን በጠዋቱ የተነሳ ብቻ ይጨርሰዋል።

እርሻው ውስጥ ምን ታያላችሁ?

ረድፍ ረድፍ የቆመ እንጨት፣ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ የተደገፈ ተክል። ወይን ሐረግ ስለሆነ ካልደገፉት መሬት ላይ ይተኛል። በረድፉ ሥር ቀጭን ጥቁር ቱቦ ካያችሁ የጠብታ መስኖ ነው፤ ውሃውን በትንሽ በትንሹ ሥሩ ላይ ያንጠባጥባል። ብዙ ውሃ የጠጣ ወይን ፍሬው ይወፍራል፣ ጣዕሙ ግን ይቀጥናል። ስለዚህ ገበሬው ተክሉን ትንሽ ማስጠማት አለበት። የማረቆ በርበሬ አምራች ይህን ቶሎ ይረዳዋል።

አስጎብኚው የወይን ዘሮችን ስም ይጠራል። ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ ቀይ ወይን ጠጅ የሚወጣባቸው ናቸው። ሻርዶኔ ነጭ ነው። ሁሉም የፈረንሳይ ዘር ናቸው። ስሙን ለማስታወስ አትጨነቁ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አንድ ችግኝ ተተክሎ ለመጠጥ የሚሆን ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ለማውጣት ከአንድ ኪሎ በላይ ፍሬ ይሄዳል። በዚያ ላይ ጠርሙሱ፣ ቡሹና ወረቀቱ አለ። የጠርሙስ ቡሽ ኦክ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት የሚላጥ ነው፤ ዛፉ በብዛት ፖርቱጋል ነው የሚገኘው፤ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ከሁሉም በላይ ኤክሳይስ ታክስ፣ ማለትም መንግሥት በመጠጥና በመሳሰሉት ላይ የሚጥለው ልዩ ቀረጥ፣ ከዚያም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። «አንድ ጠርሙስ ለምን ይህን ያህል?» ለሚል መልሱ ይኼው ነው።

ፋብሪካው ውስጥስ?

ጠጅ የጣለች እናት ወይን ጠጅን ለመረዳት ብዙ አትቸገርም። የማሩን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ እዚህም የወይኑን ስኳር ይለውጣል። ልዩነቱ ውሃም ጌሾም አለመጨመሩ ነው። ፍሬው በራሱ ውሃም ስኳርም አለው።

ቀይና ነጭ የሚለየው በልጣጩ ነው። የቀይ ወይን ፍሬ ተጨፍልቆ ከነልጣጩ ጋን በሚያህል ሳይሆን ቤት በሚያህል የብረት በርሜል ውስጥ ይፈላል፤ ቀለሙ የሚወጣው ከልጣጩ ነው። ነጩ ግን መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ልጣጩ ይጣላል፣ ጭማቂው ብቻ ይፈላል። ሮዜ የሚባለው ፈካ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ወይን ጠጅ ደግሞ ከቀይ ፍሬ ይሠራል፤ ልጣጩ ለጥቂት ሰዓት ብቻ አብሮ ይቆይና ይወጣል። ቀይና ነጭ ቀላቅለው የሠሩት አይምሰላችሁ።

«ደረቅ» ሲሏችሁ ስኳሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ አልኮል ተለውጧል ማለት ነው። «ከፊል ጣፋጭ» ሲሉ ስኳር ቀርቶበታል። የኢትዮጵያ ጠጪ ጣፋጩን ይወዳል፤ በጠጅና በአክሱማይት ያደገ ምላስ ነውና አይፈረድበትም። አካሺያ ከፊል ጣፋጩም ከደረቁ ይልቅ ለጀማሪ የሚቀለው ለዚህ ነው። ሪፍት ቫሊ ደግሞ ወደ ደረቁ ያደላል።

  

እንዴት ይቀመሳል?

ባዶ ሆድ አትሂዱ። ሽቶ አትቀቡ። ማስቲካና ሲጋራም ከቅምሻ በፊት ይቅር። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ነውና አፍንጫችሁ ነጻ መሆን አለበት። ቀጠሯችሁን ከምሳ በፊት አድርጉት፤ ምክንያቱን ወደ ምሳው ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የሚቀዳው ትንሽ ነው፤ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከቡና ስኒ ያነሰ። «ይኼን ብቻ?» አትበሉ። ብርጭቆውን በእግሩ ያዙት፤ ሆዱን ከያዛችሁት እጃችሁ ያሞቀዋል። ቀለሙን ተመልከቱ። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩትና አሽትቱ። ማዞሩ ለጉራ አይደለም፤ ሽታውን ያስነሳዋል። ከዚያ ትንሽ ጎንጭ ብላችሁ አፋችሁ ውስጥ አንሸራሽሩት።

ቀዩን ስትቀምሱ ድዳችሁና ምላሳችሁ ደረቅ ይላል። ይህን የሚያደርገው ታኒን ይባላል፤ ከልጣጩና በፍሬው ውስጥ ካለው ዘር የሚወጣ ነገር ነው። ስኳር የሌለው በጣም የወፈረ ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን እንደሚይዘው ማለት ነው። ወይኑ ተበላሽቶ አይደለም።

ተራው ከቀላል ወደ ከባድ ነው፦ ነጩ፣ ሮዜው፣ ደረቁ ቀይ፣ መጨረሻ ጣፋጩ። ጣፋጩን ካስቀደማችሁ ደረቁ ኮምጣጤ ይመስላችኋል። በየመሃሉ ውሃ ጠጡ፣ ዳቦ ቆረስ አድርጉ።

ጠረጴዛው ላይ ባዶ ዕቃ ብታዩ መትፊያ ነው። እኛ ዘንድ የተጋበዙትን መትፋት ነውር ነው፤ እዚህ ግን ሥራው ራሱ ነው። የሙያው ቀማሾች ራሳቸው ይተፋሉ። መትፋት ከከበዳችሁ ከብርጭቆው የተረፈውን እዚያው ድፉት፤ ማንም ቅር አይለውም።

ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። አልኮሉ 13 በመቶ ቢሆን ውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 97 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል አለው። አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ስድስት ቢራ ነው ማለት ነው። አምስት ዓይነት እየቀመሳችሁ ሁሉንም ብትውጡ ሁለት ቢራ ጠጥታችኋል። በዝዋይ ፀሐይ ሁለት ቢራ በጠዋት ቀላል አይደለም።

ዕድሜንም አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ወጣት የምታስከትሉ ከሆነ ስትደውሉ ተናገሩ፤ መታወቂያ መያዝም አይከፋም። ነፍሰ ጡርና መድኃኒት ላይ ያለ ሰው አይቅመስ።

ምሳው

አሁን ወደ በርበሬው መጣን። የማረቆ በርበሬ በአገር የታወቀ ነው፤ ከወይን ጠጅ ጋር ግን ይጣላል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሰዋል፣ ታኒንም ያጋግለዋል። በአዋዜ የተቃጠለ ምላስ የወይኑን ጣዕም አይለይም። ቅምሻው ከምሳ በፊት ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

ዝዋይ ሄዶ አሳ ሳይበሉ መመለስ ደግሞ አይሆንም። ቆሮሶ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ቲላፒያ የሚሉት አሳ፣ ደርቆ ተጠብሶ ሎሚ ተጨምቆበት ይቀርባል። ለእሱ የቀዘቀዘ ሻርዶኔ ይስማማዋል። አሳ ጉላሽ ወይም ዱለት ካዘዛችሁ ቅመሙ ስለሚበረታ ሮዜ ወይም ከፊል ጣፋጭ ነጭ ይሻላል፤ ትንሽ ስኳር ቃጠሎውን ያረግበዋል።

ክትፎስ? ይህን ጥያቄ አለመመለስ ከጉራጌ ጋር መጣላት ነው። ቅቤ የበዛበት ለብለብ ወይም ጥሬ ክትፎ ደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ ይወዳል፤ ስቡ ታኒኑን ያለዝበዋል። ሚጥሚጣው ከበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኔ ሚጥሚጣውን ቀነስ አድርጌ ሲራውን እመርጣለሁ። የክትፎው ባለቤቶች በዚህ ይስቁብኝ ይሆናል።

የምግብ ቤቱ ዋጋ በአሳው መጠን ነው። ከመጠበሱ በፊት አይታችሁ ዋጋውን ተነጋገሩ። ከፋብሪካ የገዛችሁትን ጠርሙስ ምግብ ቤት ውስጥ መክፈት ከፈለጋችሁ ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ለዚህ የሚያስከፍል ቤት አለ። ቡሽ መክፈቻም ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉም ቤት የለውም።

ከሰዓት በኋላ

ጊዜ ከተረፋችሁ ሐይቁ አለ። ደምበልም ይሉታል። አምስት ደሴቶች አሉት፤ ከእነሱ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የዛይ ሕዝብ መኖሪያና የጥንት ገዳም ያለበት። በአንድ ቀን ከወይኑ ጋር አይደረስበትም፤ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ወደቡ ላይ ቆሞ አባ ኮዳ ከአሳ አጥማጆቹ ፍርፋሪ ሲለቅም ማየት በቂ ነው። በጀልባ ለአጭር ጊዜ ከወጣችሁ ዋጋውን በሰው ይሁን በጀልባ ሳትስማሙ አትግቡ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ። ጉማሬ አለና ባለ ጀልባው የሚላችሁን ስሙ። የሞቅታ ሰው ጀልባ ላይ አይወጣም። እግራችሁንም ውሃው ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለበት፤ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው።

ጠርሙስ ገዝቶ መመለስ

በፋብሪካው ከገዛችሁ ደረሰኝ ያዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የከተማችሁን ሱፐርማርኬት ዋጋ አስቀድማችሁ ጻፉ። አንዳንዴ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ሱቅ ላይ የማይገኝ ዓይነት ታገኛላችሁ። ሱቅ ላይ የሌለውን ግዙ።

ለስጦታ የቱ ይሻላል? ተቀባዩ ወይን ጠጅ የማይለምድ ከሆነ ከፊል ጣፋጩን፤ የሚለምድ ከሆነ ደረቁን ቀይ። ሰው የሚጠጣ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትስጡ።

ጠርሙሱን ከሰዓት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሙቀት ወይን ጠጅን ያበስለዋል፤ ቡሹንም ሊገፋው ይችላል። በጨርቅ ጠቅልሉና ወንበር ሥር አስቀምጡት።

ቤት ስትገቡ ቡሽ ያለውን ጠርሙስ አጋድሙት። ቡሹ ከወይኑ ጋር ከተነካካ አይደርቅም፤ ሲደርቅ ይኮማተርና አየር ያስገባል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን። ፍሪጅ አናት ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ በቤቱ ውስጥ ከሚሞቁት ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ወይን ጠጆች በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው፤ ለልጅ ሠርግ ብላችሁ አሥር ዓመት አታቆዩአቸው።

ስታቀርቡት ነጩንና ሮዜውን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ቀዩን «በክፍል ሙቀት» ይሉታል፤ ያ ግን የአውሮፓ ክፍል ነው፤ 16 እስከ 18 ዲግሪ። በእኛ ሙቀት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ ይጣፍጣል። የተከፈተው ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ የኮመጠጠ እንደሆነ ለሰላጣ ይሆናል።